ሁለት ጊዜ የታሸገው ፖስታ

የመዛግብት ባለሙያዋ ከኦታዋ ደውላ ያለቻትን ዊኒፍሬድ ላንግስታፍ አንድም ቃል ሳያመልጣት ሰምታለች። «ምንም ነገር እንዳይነኩብኝ፣ ሚሲስ ላንግስታፍ። እንደተዝረከረከ ይቆየኝ። ለእኛ ዝርክርኩም ታሪክ ነው» ነበር ያለቻት። ዊኒፍሬድ «ገባኝ፣ እንደተዝረከረከ» ብላ ስልኩን ዘጋች። በማግስቱ ታዲያ የሟች ባሏን የሥራ ክፍል በእርጥብ ጨርቅና በአቧራ መምጠጫ ማሽን ገባችበት። እንግዳ ሊመጣ ነዋ፤ ያውም ከዩኒቨርሲቲ! ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ እንግዳ በአቧራ ተቀብላ የማታውቅ ሴት፣ በባሏ ወረቀት ሰበብ አሁን ልትጀምር?

የዊኒፍሬድ ከተማ በኦታዋ ወንዝ ዳር፣ በጥድ ደን መሀል፣ መንግሥት ለአቶም ሊቃውንቱ ብሎ የቆረቆራት ትንሽ ከተማ ናት። ሲቆረቁራት ቤቱን ያደለው በማዕረግ ነበር፤ ዶክተሮቹን ወንዙ ዳር፣ ቴክኒሻኖቹን ዳገቱ ላይ። ሰው የሥራ ዕድገት ሲያገኝ ዕቃውን ጭኖ ከዳገቱ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እዚያ ከተማ ብቻ ነው «ወረደ» ሲባል «አደገ» ማለት የነበረው። በኋላ መንግሥት ቤቶቹን ለፈለገ ሁሉ ሲሸጥ ሥርዓቱ ፈረሰ። ክሌም ኤትማንስኪ የሚባለው የቀድሞ ቴክኒሻንም ጡረታ ሲወጣ ከዳገቱ ወርዶ፣ ልክ ከዶክተር ባዚል ላንግስታፍ ቤት ፊት ለፊት ገዛ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ክረምት የላንግስታፎችን ደጅ በረዶ ጠርጓል። «ና ግባ፣ ሻይ ጠጣ» ሲባል ግን «ጫማዬ ጭቃ ነው» ይላል። በጥር ወር፣ ምድር ሁሉ እንደ ድንጋይ በረጋበት፣ ጭቃውን ከየት እንደሚያመጣው እሱ ይወቀው።

የመዛግብት ባለሙያዋ ሉሲ ቤላንዤ በ1996 ኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የታጣጠፉ ካርቶኖች የሞሉበት መኪና ይዛ ደረሰች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። የሥራ ክፍሉ በር ላይ ቆማ የሚያብለጨልጨውን ጠረጴዛ አየችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ጠረጉት።»

«ትንሽ አነሳሳሁት እንጂ።»

«ሚሲስ ላንግስታፍ፣ መስኮቱን ሳይቀር ወልውለውታል እኮ።»

«መስኮቱም ታሪክ ነው እንዴ?» አለች ዊኒፍሬድ። ሉሲ ሳትወድ ሳቀች። የሷ ዕድል ሆኖ ዊኒፍሬድ አቧራውን እንጂ ወረቀቱን አልደፈረችም ነበር። በባሏ ዕድሜ ያልነካችውን አሁን መንካት እንደ ኪስ መበርበር ሆኖባት፣ መሳቢያዎቹን በውጭ ብቻ ነበር የወለወለቻቸው።

«ነጭ ጓንትሽስ?» ብላ ጠየቀቻት ቆየት ብላ።

«ጓንት ለፎቶግራፍ ነው። ለወረቀት የታጠበ እጅ ይበቃል።»

ዊኒፍሬድ ቅር አላት። ስለ ነጩ ጓንት ለጎረቤቶቿ ቀድማ አውርታ ነበር።

ባዚል ላንግስታፍ የሞተው በዚያው ዓመት፣ የወንዙ በረዶ ሲቀልጥ ነው። ሥራው ኮከቦች ሆድ ውስጥ ምን እንደሚበስል ማወቅ ነበር። አንዲት ጥያቄ ነበረችው፤ ኮከብ ከሚያበስለው ካርቦን ስንቱ ኦክስጅን ሆኖ ይወጣል? መሬት ወርዶ፣ በቤተ ሙከራው ማሽን ቅንጣት ከቅንጣት እያጋጨ፣ ሰማይ ላይ ያለውን ምድጃ ይለካ ነበር። ቤቱ ያለው ምድጃ ሲጠፋ ግን «ዊኒ፣ ይኼ ነገር ምን ሆነ?» ብሎ ይጣራል።

ሉሲ ለዊኒፍሬድ ሥራ ሰጠቻት። የዛጉ የወረቀት መያዣ ሽቦዎችን ከየወረቀቱ ማላቀቅ። ዝገት ወረቀት ይበላል፤ ስለዚህ ሽቦ የሚባል ወደ ቤተ መዛግብት አይገባም። ዊኒፍሬድ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ በቅቤ ቢላዋ አንድ በአንድ ስታላቅቅ፣ ሉሲ ከሥራ ክፍሉ ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጠይቃታለች።

«ሚሲስ ላንግስታፍ! ዶክተሩ በ1961 ታመው ነበር?»

«ባዚል? ባዚል ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም። ምነው?»

«የልኬት ደብተራቸው ፋሲካ ላይ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ አንድም ልኬት የለም። ንግግር፣ ኮሚቴ፣ የተማሪ ወረቀት ማረም ብቻ ነው።»

«ተስፋ ቆርጦ ነው» አለች ዊኒፍሬድ። ይህን ለሠላሳ አምስት ዓመት ስታምን ኖራለች። ያን ተስፋ ያስቆረጠችው ማን እንደሆነች ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ዊኒፍሬድ ላይ ነገሩ የመጣባት ረቡዕ ከምሳ በፊት ነው። በባዚል እጅ «1958 — የተዘጋ» የሚል የተጻፈበት አቃፊ ከፈተች። ውስጡ አንድ ገጽ ስሌት አለ፤ ስሌቱ ላይ በዛገ ሽቦ የተያዘች ትንሽ ቡናማ ፖስታ። መዝጊያዋ በምላጭ ተከፍቷል፤ መዝጊያው ላይ በቀለም «ክ. ኤትማንስኪ» የሚል ፊርማ ለሁለት ተቆርጦ ቀርቷል። ፖስታዋን ከማንም በላይ ታውቃታለች። ያሸገቻት ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባዚል በሕይወቱ አንድ የማያምነው ሰው ቢኖር ራሱን ነበር። «ሰው ሲለካ የሚመኘውን ቁጥር ነው የሚያየው» ይል ነበር። ስለዚህ ትልቅ ልኬት ሲጀምር አስቀድሞ ራሱን ያሳውራል። የጨረሩን መጠን የሚቆጥረው ሳጥን ውስጥ ከዜሮ እስከ መቶ የምትሽከረከር አንዲት መዞሪያ ነበረች። መዞሪያዋ በቆመችበት ቁጥር ልክ የሳጥኑ ንባብ ከእውነቱ ይዛባል። መዞሪያዋን የምታዞረው ዊኒፍሬድ ናት፤ ባዚል ከክፍሉ ይወጣል፣ ክሌም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ዊኒፍሬድ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ፖስታ ውስጥ ታሽጋለች፣ ክሌም መዝጊያው ላይ ይፈርማል፣ ሳጥኑንም በእርሳስ ብረት ማኅተም ያሽጋል። ፖስታው ቤት ይቀመጣል። ባዚል ወራት ሙሉ የተዛባውን ንባብ ይዞ ይለካል፣ ያሰላል። የሚነካ ነገር ሳይቀር ሲጨርስ፣ ባልደረቦቹ ተሰብስበው ፖስታው ይከፈታል፤ ያኔ እውነተኛው ውጤት ይወጣል። ተመኝቶ ሊያጣምመው አይችልም፤ የቱ ወዴት እንደሚያጣምም አያውቅማ።

በ1956 ለአንድ ትንሽ ልኬት እንዲህ አድርገው ተሳካላቸው። በ1957 መኸር ለትልቁ፣ ለካርቦኑና ለኦክስጅኑ፣ ደገሙት። በዚያው ታኅሣሥ ባዚል ዕድገት አገኘና ዕቃቸውን ጭነው ከዳገቱ ወደ ወንዙ ወረዱ። መጋቢት ላይ ባዚል ጨረሰ። አሥራ አንድ ሰው ለቅዳሜ ተጠራ። ጠርሙስ ተገዛ፣ ጣፋጭ ተጋገረ። ዓርብ ጠዋት ዊኒፍሬድ ፖስታውን ልታወጣ ብትሄድ የለም። ደህና ቦታ አስቀምጣዋለች፤ በጣም ደህና ከመሆኑ የተነሳ ራሷም አላገኘችውም። ሳጥኑን ሄዳ እንዳታይ፣ ልኬቱ አልቆ ስሌት ብቻ ቀርቶ ስለነበር ሌላ ቡድን ከወር በፊት ማኅተሙን አስፈትቶ መዞሪያውን ለራሱ ሥራ አዙሮታል።

ከቤተ ሙከራው መኪና ማቆሚያ ክሌምን ጠብቃ ያዘችው። አዲስ ፖስታ በእጇ ነበር።

«ቁጥሩ አርባ አንድ ነው፣ ክሌም። ዓይኔ ላይ አለ። ፈርምልኝ። ባዚል ከሰማ የስድስት ወር ድካሙን ነው የምቀብረው።»

ክሌም ፖስታውን አገላበጠ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«እንደ ልደቴ ቀን።»

ፈረመ። አርባ አንድ ዓይኗ ላይ ነበር፤ እውነቷን ነው። የ1956ቱ ቁጥር ነበር።

ቀሪውን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ያወቀው ግን በሌላ መልክ ነው። የባዚል ውጤት ታተመ፤ ዓመት ሳይሞላ የሌሎች አገር ቤተ ሙከራዎች ለክተው ሩቅ ሌላ ቁጥር አገኙ። ኮሚቴ ተቀመጠ። ባዚል የሥራውን እያንዳንዱን ደረጃ አስረዳና «የማልመሰክርለት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የታሸገው ሳጥን» አለ። ሳጥኑን ያሸገው ክሌም ነው። ክሌም ተጠየቀ። «አሽጌዋለሁ» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። በ1959 ሰኔ ከማሽኑ አንስተው ማሞቂያ ቤት አስገቡት፤ ጡረታ እስኪወጣ ሃያ ሦስት ዓመት ቧንቧ ሲያይ ኖረ። ዊኒፍሬድም ለራሷ ማጽናኛ አበጀች፤ ማን ያውቃል፣ ምናልባት አርባ አንድ ልክ ነው፣ ምናልባት ክሌም እውነትም ማኅተሙ ላይ ተዘናግቶ ይሆናል። ማንም አላየም፤ ማንም አያውቅም። ይህቺን «ምናልባት» ሠላሳ ስምንት ዓመት ተደግፋ ኖረች።

አሁን ቁራጯን ወረቀት ከፖስታው ሳበቻት። በራሷ እጅ፣ በራሷ ክብ ክብ አጻጻፍ፣ 67 ይላል።

ፖስታውን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ባዚል በእርሳስ ጽፏል፤ «በዊኒ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ውስጥ ተገኘ። ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ 1961። 67 ነው፤ ሁሉም ልክ ይመጣል።» ከስሩ፦ «ለዊኒ አልነግራትም።» ከዚያም በታች አንዲት ቃል ብቻ፣ እርሳሱ ጫን ብሎ፦ «ክሌም?»

ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ምንም የለም።

ዊኒፍሬድ ፖስታውን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ምሳ አቀረበች። የአተር ሾርባው ጨው እንደሌለው ሉሲ አልተናገረችም፤ የተማረች ሴት ናት።

አዘነች እንዳትሉ፣ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሯት እየተኛ፣ እያወቀ! እሷ በእሱ ፊት አንገቷን ደፍታ ስትኖር፣ እሱ ለእሷ እያዘነ ሲኖር፣ አንዱ ካንዱ የደበቀው ያው አንድ ነገር ነበር። ንዴቱ ሲበርድ ግን ያቺ የጥያቄ ምልክት ቀረች። ሁለቱ ሲተዛዘኑ ቧንቧ ሲያይ የኖረው ሌላ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ክሌም ደጁ ላይ ብቅ አለ። ሉሲ ነገ ካርቶኖቹን የሚሸከምላት ሰው ጠይቃ ነበር።

«ስንት ናቸው?» አለ ከደጁ ሳያልፍ።

«ሠላሳ አራት። እያንዳንዱ አሥራ አምስት ኪሎ ይሆናል። ይችላሉ?»

«ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ የኔ እመቤት። ካልቻልኩ አብራችሁ ጫኑኝ። ውስጡ ኮከብ ነው አሉ?»

«ስለ ኮከብ የተጻፈ ወረቀት።»

«እሱማ ከኮከቡ ይከብዳል» አለና ወደ ዊኒፍሬድ ቀና ብሎ ኮፍያውን ነካ አደረገ። ዊኒፍሬድ ቢላዋዋን ታይ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሉሲ ሳሎን ስትገባ ዊኒፍሬድ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። እሳቱ ይንቦገቦጋል። እጇ ሽርጥ ኪሷ ውስጥ ነው። በልቧ እየተመላለሰ ያለው ነገር ቀላል ነበር፤ ይህ ፖስታ ካርቶን ውስጥ ከገባ፣ ዓለም ባዚል በትክክል ለክቶ እንደነበር ያውቃል። የተነጠቀውን ስም ይመልሱለታል። በዚያው ፖስታ ጀርባ ላይ ግን ባዚል ምን ዓይነት ሰው እንደነበርም ያውቃል። እሷንም። ምድጃው ውስጥ ከገባ ደግሞ ከሁለት ሽማግሌ በቀር የሚያውቅ አይኖርም፤ ሁለቱም ብዙ አይቆዩም።

«ሚሲስ ላንግስታፍ፣ ይህችን ይዩልኝ» አለች ሉሲ። የያዘችው «1958 — የተዘጋ» የሚለውን አቃፊ ነው። «ስሌቱ ላይ የሽቦ ዝገት ምልክት አለ፤ እዚህ፣ ያዩታል? ከምልክቱ ስር ደግሞ ወረቀቱ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ነው። ለረጅም ዓመት አንድ ነገር ተያይዞበት ነበር። ትንሽ ነገር፤ የፖስታ መጠን።»

«ጠፍቶ ይሆናላ።»

«ይሆናል።» ሉሲ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። «እኛ ያገኘነውን ብቻ ነው የምንጽፈው። ‹አባሪው የለም› ብዬ እጽፋለሁ። ከሰማንያ ዓመት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ እንደኔ ዝገቱን ያይና ምን ነበር ይላል።» ወደ ሥራ ክፍሉ ተመለሰች። አልጨቀጨቀችም፤ ብትጨቀጭቅ ይሻል ነበር።

በዚያው ቅጽበት የደጁ በር ተንኳኳ።

«መጣሁ» አለ ክሌም። «ካርቶኖቹን ወደ ደጅ ግፉልኝና እኔ ከዚህ...»

«ግባ፣ ክሌም።»

«ጫማዬ ጭቃ ነው፣ ሚሲስ ላንግስታፍ።»

«በጭቃህ ግባ።»

አየት አደረጋትና ገባ። በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥ ቤቷ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ዊኒፍሬድ ፖስታውን ፊቱ አስቀመጠች። መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ አደረገ። ፊርማውን በጣቱ ነካው።

«የመጀመሪያው ነው» አለ።

«አዎ።»

«የት ነበር?»

«የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዬ ውስጥ። ማንም አያይብኝም ብዬ።»

«ጫማ ውስጥ!» ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣ። «ሰው ገንዘብ ጫማ ውስጥ ይደብቃል። ኦክስጅን ጫማ ውስጥ የደበቁ እርስዎ ብቻ ነዎት።» ከዚያ ፖስታውን ገለበጠው፤ ሳቁም ቆመ። ሦስቱን መስመር ለማንበብ የወሰደበት ጊዜ ደብዳቤ ሙሉ ያስነብብ ነበር።

«ፋሲካ» አለ በመጨረሻ። «የዚያን ሰሞን ማሞቂያ ቤት መጥቶ ነበር። ውስኪ ይዞ። ቆሞ ስለ ወንዙ በረዶ፣ መቼ እንደሚቀልጥ፣ ግማሽ ሰዓት አወራኝ። ሃያ ጊዜ ለማስመሰል ሳለ። ቤት ገብቼ ለሚስቴ ለበርናዴት ‹ዶክተሩ ሰው ሞቶበታል መሰለኝ› አልኳት።» መነጽሩን አወለቀ። «ለካ የሞትኩበት እኔ ነኝ።»

«ሁለተኛው ስህተት መሆኑን አላወቅክም ነበር?»

«እኔ የማውቀው ሁለት ጊዜ መፈረሜን ነው። ሌላውን ከየት አባቴ አውቃለሁ? ፊቴ ወደ ግድግዳ ነበር።»

«ለምን ታዲያ አልተናገርክም? ኮሚቴው ሲጠይቅህ?»

«ምን ብዬ? ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜያለሁ ልበል? እሱም ያው ማሞቂያ ቤት ነበር የሚያስገባኝ።» ኮፍያውን ማዞር ጀመረ። «ደግሞ እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ከዚያ ወር። ከዚያ... ልማድ ሆነ።»

ዊኒፍሬድ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛለች። «በረዶዬን ስትጠርግ የኖርከውስ?»

«ደጁ ላይ ስቆም አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ይነግሩኛል ብዬ። ይከፍቱታልም። ‹ና ሻይ ጠጣ› ይሉኛል።» ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ሻይ አልነበረም የምጠብቀው።»

ከሥራ ክፍሉ የካርቶን መታሸግ ድምፅ ይሰማል፤ ማጣበቂያው ክርር ይልና ይቆረጣል።

«በርናዴት...» አለች ዊኒፍሬድ።

«በርናዴት እንደተዘናጋሁ እያመነች ሞተች። ‹ሰው ነህ፣ ክሌም፣ ይደርሳል› ትለኝ ነበር። ምሕረት ታደርግልኝ ነበር፤ ላልሠራሁት።»

«ልስጣት?» አለች ዊኒፍሬድ በሹክሹክታ፣ ወደ ሥራ ክፍሉ እየጠቆመች። «ወይስ ምድጃው ውስጥ ልጨምረው? አንተ ያልከውን አደርጋለሁ። ንገረኝ።»

ክሌም ተነሣ። አርባ ዓመት «ሚሲስ ላንግስታፍ» ሲላት የኖረ ሰው፣ ቀጥ ብሎ ዓይኗን አየና «ዊኒፍሬድ» አላት። «ይህንንም እኔ ላይ አትጫኚው። አንድ ጊዜ ስለ አንቺ ፈርሜያለሁ።» ኮፍያውን አደረገና ካርቶን ሊሸከም ሄደ።

ሉሲ ፖስታውን ተቀብላ ወንበር ሳበችላት፣ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻት። ዊኒፍሬድ መኪና ማቆሚያውን ጻፈች፣ አርባ አንድን ጻፈች፣ ማሞቂያ ቤቱን ጻፈች። ክሌም ሦስተኛውን ካርቶን ሊያነሣ ሲመጣ ከትከሻዋ በላይ ቆም ብሎ አየ።

«ሁለት ጊዜ መፈረሜን ጽፈሻል?»

«ለምኜህ ነው የፈረምከው ብያለሁ።»

«ለምነሽኝም ቢሆን እጁ የኔ ነው። እንዳለ ጻፊው። ቅዱስ አታድርጊኝ፣ አይመቸኝም።»

ጽፋ ስትጨርስ ሉሲ አንድ ቅጽ አቀረበች። ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ግዴታ የለብዎትም፤ ግን ይወቁት። እንዲህ ያለውን ነገር ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ አሽገው ነው የሚሰጡን። ለሃያ አምስት ዓመት ማንም እንዳይከፍተው። ማንም አይጎዳም፤ ምንም አይጠፋም። እዚህ ጋ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።»

ዊኒፍሬድ ቅጹን አየች። ሁለት ባዶ ሳጥን አለው፤ «ክፍት» እና «እስከዚህ ቀን የታሸገ»። ማቃጠል አይደለም፣ መዋሸት አይደለም፣ ሰጥታለች። ማሸግ ብቻ ነው። ማሸግ ደግሞ ታውቅበታለች። እርሳሱን ወደ ሁለተኛው ሳጥን ወሰደችው።

«ሃያ አምስት ዓመት» አለ ክሌም ከበሩ፣ ካርቶን ታቅፎ። «መልካም። በመቶ አራት ዓመቴ ኦታዋ መጥቼ አነበዋለሁ። መነጽሬን አትርሱልኝ።» በመንገዱ ቀጠለ። የእግሩ ኮቴ ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወርድ ተሰማ።

ዊኒፍሬድ እርሳሱ በአየር ላይ እንደቀረ ተቀመጠች። ከዚያ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች፤ ስትጫን የእርሳሱ ጫፍ ተሰበረ። ሉሲ ፖስታዋን ወደ ቦታዋ፣ ነጣ ያለው አራት ማዕዘን ላይ መለሰቻት። በትክክል ገጠመች። ሽቦ ግን አላደረገችባትም።

እኩለ ቀን ሳይሆን መኪናው ሄደ። ክሌም ሠላሳ አራቱንም ጫነ፤ ሲጨርስ ለሉሲ እጁን አወዛወዘ፣ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሳያይ መንገዱን ተሻግሮ ቤቱ ገባ።

ዊኒፍሬድ በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ለሴቶቹ ሁሉ ተናገረች፤ ከወረቀት ይልቅ ከአፌ ይስሙት ብላ። ሳንድዊቻቸውን እንደያዙ ቀሩ። አንዷ «ታዲያ አሁን ለማን ይጠቅማል ብለሽ ነው?» አለቻት፤ ሌላዋ የሻይ ማንኪያ ፍለጋ ሄደች፣ ተመልሳም አልመጣች። ከዚያ ወዲያ ዊኒፍሬድ ገበያ ስትገባ ወሬ ይቆማል፣ ስትወጣ ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ የወረደው በወሩ መጨረሻ ነው። ጠዋት ስትነሣ ደጇ ተቀብሯል። የክሌም የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ድምፅ ከጎዳናው ጫፍ ይሰማታል። እየቀረበ መጣ፤ የጥግዋን ባልቴት ደጅ ጠረገ፣ የጡረተኛውን አስተማሪ ደጅ ጠረገ። በእሷ ደጅ ሲደርስ ድምፁ አልቀነሰም። አልፎ ሄደ።

ዊኒፍሬድ የባዚልን ካፖርት ደረበች፣ ከጓዳ አካፋ አወጣች። ሠላሳ እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ አንድ ሰዓት ፈጀባት። እየቆመች፣ እየተነፈሰች፣ መንገዱ ጠርዝ ደረሰች። ክሌም ማሽኑን አጥፍቶ ከራሱ ደጅ ቆሞ ያያታል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አታውቅም።

«በጉልበትሽ አንሺው!» ብሎ ጮኸ ከማዶ። «በወገብሽ አይደለም! ትሰበሪያለሽ!»

አካፋዋን ተደገፈች። ትንፋሿ ከፊቷ ይጨሳል። «ክሌም» አለች፤ የምትለው ሌላ ነገር ጠፋት። «ሻይ አለ።»

«ጫማዬ...» ብሎ ጀመረ ክሌም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። በረዶ ብቻ ነበር፣ ንጹሕ ነጭ በረዶ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ጥቂት ቆመ፣ ወደ እሷም ወደ ቤቱም አየ፤ ከዚያ ዞሮ ገባና በሩን ዘጋ።

ዊኒፍሬድ በሩን ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ እጇን በትንፋሿ አሟሟቀችና ያልተነሣውን ክምር እንደተነገራት፣ በጉልበቷ ዝቅ ብላ ማንሣት ጀመረች።